ሻካራ ድምፅ ርኩስ ነውን?

እዚህ ሰቆጣ በገና ስለማስተምር ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱብኝ ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ ሮክ መስማት ኃጢአት ነው?» ጥያቄው የሚከብደው ዴዝ ሜታል ላይ ሲደርስ ነው። ጊታሩ ያገሳል፤ ድምፃዊው ከጉሮሮው ሥር እያጓራ ስለ ሞትና ስለ መቃብር ያዜማል። ብዙዎች «የሰይጣን ጩኸት» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔ ግን ድምፅ በሻካራነቱ ብቻ አይኮነንም ባይ ነኝ።

በገናን ልብ ብላችሁ ስሙት። ዐሥሩ አውታር ከበግ አንጀት የተገመደ ነው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ስቃኝ እንዝራዋን በጥቂት በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ አደርጋታለሁ፤ አውታሩ ቆዳዋን መንካት ሲጀምር ጥርት ያለው ድምፅ ይጠፋና ነዛሪው ይመጣል። ያ ሻካራ ንዝረት ካልመጣ በገናው አልተቃኘም። በዐቢይ ጾም የምንደረድረውም ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ነው። አባቶቻችን ሞትን የሚያስቡበት ድምፅ ለስላሳ እንዲሆን አልፈለጉም። የዋግ ሰው ሞትን ከዓይኑ አይሸሽግም፤ ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ፣ ከአለት በተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ የዋግ ሹማምንት አስከሬን ሳይፈርስ ደርቆ ይገኛል።

ከሀገራችን ሙዚቃ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የሀገራችንን ዜማ ከሮክ ጊታር ጋር በማገናኘቱ የወደደው አለ፤ የፈረንጅ ጩኸት ነው ያለም አለ። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1991 ከቀድሞው የናፓልም ዴዝ ባንድ ከበሮ መቺ ከሚክ ሃሪስና ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጆን ዞርን ጋር፣ ፔይንኪለር በተባለ ቡድን ውስጥ፣ ጃዝን ከሜታል ጩኸት ጋር ያዋሐደ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረችውን የእጅጋየሁ ሽባባውን አልበም ፕሮዲዩስ አድርጓል። ድምፅ መሣሪያ ነው፤ የሚፈረደው በተሸከመው ነገር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ጩኸትን አይከለክልም። ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የመሰከረው ለእርሱ እንጂ በጨዋ ቃል ሊያርሙት ለመጡት ወዳጆቹ አይደለም። ጌታም በመስቀል ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኋል። ሐዘን ሁሉ በለሆሳስ አይነገርም።

ይህን ስል ሁሉንም እየባረክሁ አይደለም። በመስቀል የሚሳለቅ፣ ጭካኔን የሚያሞግስ ግጥም በክራርም ቢታጀብ ርኩስ ነው፤ በለስላሳ ዜማ ሲመጣ እንዲያውም ይብሳል፤ ሳናውቀው ይገባልና።

እናንት አባቶች፣ ከማውገዛችሁ በፊት ግጥሙ ምን እንደሚል ጠይቁ። እናንት ልጆች ደግሞ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁን መርምሩ፤ ሞታችሁን አስባችሁ ለሰው ከራራችሁ ጩኸቱ አልጎዳችሁም፤ ልባችሁ ከደነደነ ግን ተዉት።