ሥራ ፈቶ የቆመው ሐኪምና የተቀበረው መክሊት

በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ውስጥ ሥራ ፈተው የተገኙ ሁለት ዓይነት ሰዎችን እናገኛለን። አንደኛው ጌታው የሰጠውን መክሊት በመሬት ቆፍሮ የቀበረው አገልጋይ ነው (ማቴ. 25)። ሌሎቹ ደግሞ እስከ አሥራ አንደኛው ሰዓት ድረስ በገበያ ቆመው የዋሉት ሠራተኞች ናቸው (ማቴ. 20)። የመጀመሪያው ተወቀሰ፤ የተሰጠውም ተወሰደበት። ሌሎቹ ግን ለምን ሥራ ፈተው እንደ ዋሉ በተጠየቁ ጊዜ የሚቀጥራቸው እንዳጡ ተናገሩ፤ የወይኑ ቦታ ባለቤትም የወቀሳ ቃል ሳይጨምር ወደ ሥራው ሰደዳቸው። በሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ናቸው። በእግዚአብሔር ፊት ግን አንዱ የቀበረ ነው፤ ሌላው ያልተጠራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ልዩነት ያነሣነው በዘመናችን ብዙ ቤተሰቦችን የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። የሕክምና ትምህርቱን በአገሩ ጨርሶ ወደ ባዕድ አገር የሄደ፣ በዚያም በሙያው የሚሠራበት በር የተዘጋበት ወጣት ሐኪም፣ መክሊቱን የቀበረ ነው ወይስ በገበያ ቆሞ የሚጠብቅ? ዕዳውስ የማን ነው?

በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ሆነው እንመልከት። በአሜሪካ፣ በውጭ አገር የተማረ ሐኪም በአገሩ የቱንም ያህል ዓመት ቢያገለግል፣ በመደበኛው መንገድ ተከታታይ የፈቃድ ፈተናዎችን ማለፍ፣ የውጭ አገር ምሩቃንን ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተው ኮሚሽን የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት መያዝ፣ ከዚያም በሆስፒታል የሬዚደንትነት ሥልጠና መከታተል አለበት። የሥልጠናው ቦታ በየዓመቱ መጋቢት ወር ላይ በሚወጣው አገር አቀፍ ድልድል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ድልድል፣ በአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ትምህርታቸውን ከሚያጠናቅቁ የኤም.ዲ. ተማሪዎች ከመቶው ከ93 የሚበልጡት ቦታ ሲያገኙ፣ የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸውና በውጭ ከተማሩት ግን ያገኙት ከመቶው 58 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ለከርሞ ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በረዳትነት ታገለግላለች።

በእነዚህ ሥራዎች አንዳችም ነውር የለም፤ የጌታችን አሳዳጊ ቅዱስ ዮሴፍም አናጢ ነበር። ይሁን እንጂ በመቻራ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተይዛ፣ ከዚያም መኪና እስኪገኝ ጠብቃ፣ ወደ ገለምሶ ወይም ወደ ጭሮ ሆስፒታል የምትጓዝበትን መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ ሐኪም ከሐኪምነቱ ተለይቶ መቆሙ የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ሆኖ አይታየውም። ያ ሐኪም የተማረው በቡናና በጫት ማሳ ላይ ከሚደክመው ገበሬ ጭምር በተሰበሰበ ግብር ነው።

እንግዲህ ዕዳውን ለየባለቤቱ እንከፋፍል። በመጀመሪያ በሩን የያዘው አገር ድርሻ አለው። ፈተና መኖሩ ቅን ፍርድ ነው፤ የበሽተኛው ሕይወት ከሐኪሙ ምኞት ይበልጣልና። ነገር ግን ፈተናውን ያለፈውን ሰው የሚያስቀረው የብቃት ጉድለት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በሜዲኬር በኩል ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸውን የሥልጠና ቦታዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ ገድቧል። ከዚህም በላይ ብዙ ሆስፒታሎች ከተመረቀ ብዙ ዓመት የሆነውን አመልካች ወደ ኋላ ያደርጉታል። በዚህ ሁኔታ ሰውየው ስላልተጠራ ይቆማል፤ ስለቆመ ደግሞ ሳይጠራ ይቀራል። የወይኑ ቦታ ባለቤት ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ቴነሲን የመሳሰሉ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ልምድ ያላቸው የውጭ አገር ሐኪሞች ሬዚደንሲውን ዳግመኛ ሳይማሩ በሌሎች ቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ የሚፈቅዱ ሕጎችን ማውጣታቸው፣ በሩ በሰው እጅ እንደ ተዘጋ ሁሉ በሰው እጅ ሊከፈት እንደሚችል ያሳያል።

ሁለተኛው ባለዕዳ የገዛ አገራችን ናት። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ደስታና ተስፋ» በተባለው ሰነድ፣ ማኅበረሰቡ የሚያስፈልገውን ሥጋዊና መንፈሳዊ እርዳታ የሚነፍግ ሰው የጋራውን ጥቅም ለከባድ አደጋ እንደሚያጋልጥ ያስተምራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው የመሰደድ መብቱ የተጠበቀ መሆኑን በዚያው ቦታ ያስታውሳል። ሁለቱ ሳይነጣጠሉ መነበብ አለባቸው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2012 የሕክምና ትምህርትን በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ በማስጀመር የሐኪሞችን ቁጥር ለማብዛት ደክማለች፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ሐኪሞችን በአገር ቤትም አይተናል። የገጠሩ በሽተኛ ሐኪም አጥቶ፣ የከተማው ሐኪም ሥራ አጥቶ በአንድ አገር ሲኖሩ፣ የሄደውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

በዚህ ረገድ የጨርጨር ሕዝብ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ሰው አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በበርማ ለእንግሊዝ መንግሥት አገልግለዋል። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ፤ ቋንቋቸውን እንኳ ረስተውት ነበር። ቢሆንም ያን ጊዜ ጠቅልለው አልቀሩም፤ ተመላልሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙና መናገሻቸውን ዐሰበ ተፈሪ አድርገው፣ አውራጃው የዘመናዊ አስተዳደር አርአያ እንዲሆን ደከሙ። የእርሳቸውን ታሪክ በውጭ ላሉት ልጆቻችን እንደ አለንጋ ልናነሣው አይገባም። ሐኪም ወርቅነህ የተመለሱት የሚሠሩበት ቦታና የሚጠራቸው ስለ ነበረ ጭምር ነው። ስለሆነም ልጆቼ ይመለሱ የሚል አገር አስቀድሞ ቦታውን ያዘጋጅ።

ሦስተኛው ድርሻ የሐኪሙ የራሱና የእኛ የቤተሰቦቹ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት «ላቦሬም ኤግዘርቸንስ» በተባለው መልእክታቸው፣ ሰው የተሻለ ኑሮ ፍለጋ አገሩን የመልቀቅ መብት እንዳለው፣ ይህ መለየት ግን ለአገሩ ጉዳት መሆኑን አስተምረዋል። መብት አለኝ ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም። የቆመው ሐኪም ራሱን ሊመረምር የሚገባው በዚህ ነው፦ ዕውቀቱን በማንበብና በተፈቀደለት አገልግሎት ይጠብቀዋልን? በሌላ አቅጣጫ የሚጠራው ድምፅ ቢመጣ ይሰማልን? ወይስ ከክብሩ ዝቅ ላለማለት ሲል ብቻ ወደዚያው በር አፍጥጦ ዓመታቱን ይፈጃል? መቆም ወደ መቀበር የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን እውነቱን መደበቅ ነው። ልጁ እንዳያሳፍረን በመፍራት በሆስፒታል እየሠራሁ ነው ይላል፤ ገንዘብም ይልካል። እኛም በሠርግና በለቅሶ ቤት ስሙን እናወሳለን። ይህን የሰማ ጎረቤት በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ የራሱን ልጅ በዚያው መንገድ ይሰዳል። አንዱ የሸሸገው እውነት ለሌላው ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ግን በመጀመሪያ የምንጠየቀው እኛ ነን፤ ልጁ እውነቱን ቢናገር የምንቀበለው ሆነን አልታየነውምና። በስልክ ስናገኘው መቼ ነው ቤት የምትሠራልን ከማለት ይልቅ እንዴት ነህ፣ ማን አብሮህ አለ፣ ትጸልያለህን ብለን ብንጠይቀው፣ እውነት የሚናገርበት በር እንከፍትለት ነበር።

የወይኑ ቦታ ባለቤት በአሥራ አንደኛው ሰዓት ለመጡት የከፈለው እንደ ማለዳዎቹ አንድ ዲናር ነበር። ይህም የሰው ዋጋ በተቀጠረበት ሰዓት እንደማይለካ ያስተምረናል። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤታችን በዚህ ጉዳይ የሚካፈለው ጭንቀት አንድ ነውና፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከመላካቸው በፊት የመንገዱን እውነት ይጠይቁ፤ በውጭ ያሉትም ያዩትን ሳይሸሽጉ ለታናናሾቻቸው ይንገሩ፤ ሥልጣን የተሰጣቸውም ለተመረቀው ሐኪም ሥራውን፣ ለገጠሩ በሽተኛም ሐኪሙን ያዘጋጁ። በየቁምስናችንም በጸሎታችን ጊዜ በሰው አገር ቆመው የሚጠብቁትን ልጆቻችንን በስማቸው እናስባቸው። ሰዓቱ ቢመሽም በገበያ የቆሙትን ለመፈለግ የሚወጣው ጌታ ይጎብኛቸው።