የማይንቀሳቀሰው ጉም

ምንነቱን ያላወቁትን ነገር መመዝገብ ዕውቀት ይባላል? ይህ ጥያቄ ያደረብኝ የፈረንሳዊውን የከዋክብት ተመራማሪ የሻርል መሲዬን መዝገብ ሳገላብጥ ነው። መሲዬ በነሐሴ 1758 እ.ኤ.አ. አንድ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል በሰውር ከዋክብት መካከል ሌላ ደብዛዛ ብርሃን አየ። እሱም ጅራታም ኮከብ ይመስላል፤ ሌሊት በሌሊት ሲጠብቀው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሰው እንዳይሳሳትበት ቁጥር 1 ብሎ መዘገበው። በ1781 መዝገቡ 103 ደረሰ።

በመጀመሪያ መሲዬን ነቀፍሁት። ቁጥር 1 የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ነው፤ ቁጥር 13 የታጨቁ ከዋክብት ክምችት፣ ቁጥር 31 ደግሞ ራሱን የቻለ ጋላክሲ። ጤፉን፣ ስንዴውንና ጠጠሩን ባንድ አውድማ እንደ መከመር ነው አልሁ። ግን ፍርዴ አላሳረፈኝም። መሲዬ የጠየቀው «ይሄዳል ወይስ ይቆማል?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ልክ ነበር። ታዲያ ቁጥር 45 ሰባቱ ከዋክብት መሆናቸውስ? እነሱን ከጅራታም ኮከብ ጋር ማን ያምታታል? እረኛም ይለያቸዋል። እዚህ ላይ መሲዬ ከስሕተት መጠበቁን ትቶ ሰማዩን ራሱን መቁጠር የጀመረ ይመስለኛል።

ይበልጥ የከበደኝ የዊልያም ኸርሼል ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ከእኅቱ ከካሮላይን ጋር እየደከመ እንዲህ ያሉ 2,500 ያህል ጉሞች መዘገበ። በትልቁ ቴሌስኮፑ ሲያያቸው ብዙዎቹ ጉሞች ወደ ከዋክብት ተፈቱለት፤ ስለዚህ የቀሩትም ርቀው ያልተለዩ ከዋክብት ናቸው አለ። እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር። በኅዳር 1790 ግን ዙሪያውን ጉም የከበበው አንድ ኮከብ አየ። ጉሙ ከዋክብት ከሆነ፣ ወይ እነሱ ከመጠን በላይ ኢምንት ናቸው፣ ወይ የመካከሉ ኮከብ ከመጠን በላይ ግዙፍ ነው። ሁለቱንም መቀበል ስላቃተው ጉሙ ከዋክብት አይደለም ብሎ የኖረበትን ሐሳብ ተወ። ይህን ሳነብ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት እጥፍ ሆነ።

ደግሞ በ1864 ዊልያም ኸጊንስ የአንዱን ጉም (ኔቡላ) ብርሃን ወደ ቀለማቱ በትኖ ሲመረምር ጋዝ ሆኖ አገኘው። በ1923 ኤድዊን ኸብል በቁጥር 31 ውስጥ ብርሃኑ እየጨመረ የሚቀንስ ኮከብ አገኘ፤ ርቀቱን ሲያሰላ ከእኛ ጋላክሲ ውጪ ሆነ። እንግዲህ ኸርሼል ቀድሞ ያለውም በኋላ ያለውም ለከፊሎቹ እውነት ነበር፤ ያሳሳተው ለሁሉም የተሰጠው «ኔቡላ» የሚለው አንድ ስም ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ምንነት አንዳች አልተናገረምና ማንንም አላሳሳተም። የከዋክብት ተመራማሪው ድሬየርም በ1888 እንዲህ ያሉ 7,840 አካላት ሲመዘግብ በዓይነት አልለያቸውም፤ በሰማይ ላይ ባላቸው ቦታ ተራ በተራ ደረደራቸው።