ቀጠሮ የማን ዕዳ ነው?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የተባለውም ይኸው ነው። ፍርዱ ሲዘገይ አንዱ ከእርሻው ሲቀር ሌላውም ይቀር ስለ ነበር ጊዜው ሁለቱንም እኩል ይበላቸው ነበር። ልማዱ ለብዙ ግፍ የተጋለጠ ስለ ሆነ ይመለስ አልልም። ነገር ግን የመዘግየት ሸክም በአንድ ወገን ብቻ እንዳይወድቅ ማድረጉን መርሳት አይገባንም።

ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ በአጠና ተራ አካባቢ፣ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያለ በቂ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ አለ እንበል። ወደ ሥራው ለመመለስ ቢሻ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ክርክር ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ይወስናል፤ ቅር የተሰኘው ወገን በ30 ቀን ይግባኝ ይላል፤ ይግባኝ ሰሚውም በ60 ቀን ይወስናል። በወረቀት ላይ ቢደመር ከአምስት ወር አያልፍም። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ደግሞ ወደ ሰበር ይሄዳል።

ነገር ግን መጥሪያው አልደረሰም፣ ምስክሩ አልቀረበም፣ መዝገቡ አልተመረመረም እየተባለ ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። አሠሪው ጠበቃውን ልኮ ከሥራው አይለይም፤ ሠራተኛው ግን ራሱ ይቆማል፤ የቀን ሥራ አግኝቶ እንደ ሆነ የዕለት እንጀራው ያመልጠዋል።

ሕጉ ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም። ሠራተኛው እንዲመለስ ሲፈረድለት ከስድስት ወር የማይበልጥ፣ በይግባኝ ሲጸናለትም ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ውዝፍ ደመወዝ ይታዘዝለታል። እኔ ይህን የአሮጌው ነጠላ ቋጠሮ አድርጌ አየዋለሁ። ሆኖም ዓመቱ ሲያልፍ ቋጠሮው ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ሁሉ የሠራተኛው ብቻ ይሆናል።

አራት ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ባለ ሙያስ ስለ ፍርድ ቤት መዘግየት ለምን ይቀጣ? የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። እርሱ ያላመጣውን ቀጠሮ እርሱ ይክፈል ማለት ሌላ ግፍ ነው። እንግዲያስ በወሩ መጨረሻ ደመወዛችን የማይቀርብን፣ መዝገብ የምናገላብጥ እኛ ሹማምንት ከዚህ ዕዳ ነጻ ነን ወይ?

ቢያንስ ተከራካሪው ሆን ብሎ ላመጣው ቀጠሮ መልስ አለ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ለቀጠሮ ምክንያት የሆነው ወገን የሌላውን ወጪ እንዲከፍል ለማዘዝ ለዳኛው ሥልጣን ይሰጠዋል። ከኮልፌ የመጣው ሰው የታክሲውንና የዋለበትን ቀን ዋጋ በዚያው ችሎት ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ልመና አይደለም።