ለቀብር ዕድር፣ ለሕመም ልመና

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ እሑድ ዕለት ነው። ከአሸዋ ሜዳ ወደ ዊንጌት የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ከጎናችን አንድ አይሱዙ ቆሟል። ጎንና ጎኑ በባነር ተሸፍኗል፤ ባነሩ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ አለ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሯ ይኸውና። ድምፅ ማጉያው «ነግ በእኔ በሉ ወገኖቼ» እያለ ይማጸናል። ካርቶን የያዙ ልጆች በየመስኮቱ ይመጣሉ።

ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት ባነሩን አየት አድርጋ ለጓደኛዋ፣ «ፎቶውን አበላሽተውባታል ባክሽ። እንዲህ ፊቷ ሞልቶ እየታየ ማን ይሰጣታል?» አለቻት።

በክፋት አልነበረም። ሃምሳ ብር አውጥታ ካርቶኑ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ። ግን ነገሯ ዊንጌት ወርጄም አልለቀቀኝም፤ እውነቷን ነዋ! በእኛ ዘንድ ለመታከም መታመም ብቻ አይበቃም፣ በሽተኛ መምሰልም ያስፈልጋል። ጉንጩ የሞላ፣ ልጅ የሌለው፣ ዘመድ ያነሰው፣ አይሱዙ የሚከራይለት ያጣ ሰው ገና ከጅምሩ ተሸንፏል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ደራሲ ለገጸ ባሕርዩ የአንባቢን ርኅራኄ በምን ብልሃት እንደሚያገኝለት ስተነትን ዓመታት አሳልፌያለሁ። ያ ብልሃት ከልብ ወለድ ወጥቶ ዲያሊሲስ ማን ያግኝ የሚለውን ይወስናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

መንግሥት ሁሉንም ዜጋ ያሳክም ወይስ አያሳክም የሚለውን ክርክር እንግዲህ ከዚህ ነው መጀመር የምፈልገው። ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ከሚለው ነው። ገንዘቡማ አሁንም ከእኛው እየወጣ ነው፤ በካርቶን፣ በባንክ ሒሳብ፣ በተሸጠ በሬ፣ በተሸጠ ቤት። ችግሩ የሚወጣው ሰው አልጋ ከያዘ በኋላ መሆኑና ለማን እንደሚደርስ የሚወስነውም ፎቶግራፍ መሆኑ ነው።

ለሞት ግን እንዲህ አይደለንም። ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ዕድር የሌለው ሰፈር ብርቅ ነው። በየወሩ ይዋጣል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ድስቱ ይጣዳል። ሟቹ ደግ ነበር ወይ፣ ልጅ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መዋጮውን ከፍሏል፣ በቃ። አሥር ዓመት ሙሉ ከቤቴ ሬሳ ስላልወጣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ያለ አባልም ሰምቼ አላውቅም።

የዕድራችን ዳኛ ሰበታ ከሚገኝ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አዋቂ ሰው ናቸው። ይህንኑ አንሥቼ፣ «ታዲያ ለምን ለሕመምም አናደርገውም?» አልኳቸው።

«መምህር፣ ሞት አንድ ጊዜ ነው፤ ወጪውም ይታወቃል» አሉኝ። «ሕመም ግን ልኩ አይታወቅም። አንድ የኩላሊት በሽተኛ ብንይዝ በዓመቱ ድንኳኑንም ድስቱንም ሸጠን እንበተናለን።»

ስንት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ያላገኘሁትን መልስ ነው የሰጡኝ። ሁለት መቶ አባወራ የማይሸከመውን ሸክም ሚሊዮኖች ሲሆኑ ይሸከሙታል። መንግሥት ያሳክም የምለው መንግሥት አዛኝ ነው ብዬ አይደለም (አዛኝ መንግሥት በዕድሜዬ አላየሁም)። አንድ በሽተኛ የማይበትነው ሰፊ ዕድር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሕጉም ቢሆን አልካደም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ጥሎበታል፤ አንቀጽ 90 ላይ ግን የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የሚል ማለዘቢያ አለ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች መሞከር የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም የዕድር ልጅ ነው። ቤተሰቡ በዓመት ያዋጣል፤ ምንም ለሌለው ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል። ለደመወዝተኛው የታሰበው ሌላ ነው። ዐዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ታሰበ፤ ከዚያ ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። ካጉረመረሙት አንዱ እኔ ነኝ። መምህራን ክበብ ቁጭ ብለን «ጤነኛ ነን፣ ስለምን ይቆረጥብናል?» እንል ነበር። ስለ ዕድር አንድ ቀን እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። አዴ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤቴ የመድኅን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። በቀደም የደም ግፊታቸውን ሊታዩ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «መምህር፣ ካርዱ ነፃ፣ ሐኪሟም ነፃ፤ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዙ አሉኝ» አሉ። ደብተር አይዋጥም! በዚህ ላይ የእኛ ከተሞች ጉዳይ አለ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ እንጂ፣ ስንቱ ነዋሪ ዛሬም የሚያድረው እዚህ፣ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። መድኅኑ የሚመዘገበው በመኖሪያ ነው፤ ሆስፒታል የሚደረሰውም ከጤና ጣቢያ በሚጻፍ ሪፈር ነው። መርካቶ ሲሸከም የዋለ ወገብ ቡራዩ ተመልሶ ተራ ይይዛል።

የሌለውን ለሁሉም አድላለሁ ማለት ማታለል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ሆኖም 1997ን አስታውሳለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ከኪሱ ይገዛ ነበር፤ የሌለው ይሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ለማግኘት አሳዛኝ መሆን አላስፈለገም፤ መታመም በቃ። ገንዘቡ በአብዛኛው የውጭ መሆኑ አይካድም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ርዳታዋን ስታቆም የደነገጥነውም ለዚህ ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ አልደረሱበትም፣ እኛም ጭምር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ሁሉንም ማከም ሲጀምሩ ዳቦ ገና በራሽን ነበር። የእነሱ ድህነት ከእኛ ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ። ሩዋንዳ ግን ሀብታም ሳትሆን አብዛኛውን ሕዝቧን በጤና መድኅን ሥር አስገብታለች። በበኩሌ፣ አዲስ ደብተር ከመታተሙ በፊት የአዴ መድኃኒት ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ይገኝ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ማታ፣ ሁለት ወጣቶች በሬን አንኳኩ። የሰፈራችን አንድ የታክሲ ሾፌር ታሟል፤ ባነር ሊያሠሩ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ስለሚጽፉ፣ የሰው ልብ የሚነካ ነገር ይጻፉልን» አሉኝ። ልጅ አለው ወይ አልኳቸው። የለውም። ሚስትስ? አላገባም። ይኼ ያስቸግራል ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው የታክሲዋ ወጣት ትዝ አለችኝ።

«እናቱስ?»

«አሉ፣ ሱሉልታ ናቸው። ዐይናቸውን ያማቸዋል።»

በእናቱ ጀመርኩ።