ስለ መምህር ዝምታ

ልጅን ለመምህር መስጠት አደራ መስጠት ነው። አደራ የተቀበለስ ሰው የአደራውን ነገር ለባለቤቱ ሊናገር ይገባዋልን? ወይስ ጥበቡን ካስተማረ ዝም ቢል ነቀፋ የለበትም? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በቤቴ እንባ አስፈስሷልና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት እንመርምረው።

ታናሿ ልጄ በየቅዳሜው በገና ትማር ነበር። አራት ወር ሙሉ ክፍያውን ሳላጓድል ሰጠሁ፤ ከመምህሩ ዘንድ ግን አንድ ቃል አልመጣልኝም። ሁለት ጊዜ ትምህርቱ ሲቀር የነገረን ስለሌለ ልጂቱ በተዘጋ በር ፊት ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻም ተማሪዎች በወላጆች ፊት በሚደረድሩበት ቀን ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ጣቷ አውታሩን በሚገባ እንዳልያዘ መምህሩ ከመጀመሪያው ወር ጀምረው ያውቁ ኖረዋል። እርሷም በመንገድ እያለቀሰች «አባባ፣ ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ አላስተካክለውም ነበር?» አለችኝ።

ቍጣዬ ነዶ መምህሯን በፊቷ ልነቅፍ አፌን ከከፈትሁ በኋላ ተመለስሁ። መምህርን በተማሪው ፊት ማዋረድ ልጅ የሚጠጣበትን ምንጭ ማደፍረስ ነውና።

«በጥንቱ ትምህርት ቤት ማን ለአባት ይናገር ነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኛ ለምድ ለብሰን አኩፋዳ ይዘን ለቅኔ ከአገር ስንወጣ፣ የኔታ ለአባቶቻችን ወሬ አልላኩም፤ የነቀፋቸውም የለም። ነገር ግን ተማሪው ሌትና ቀን በመምህሩ ጥላ ሥር ነበረ፤ ጉባኤ ቃናው የተበላሸበት ዕለቱን ይታረም ነበር። የኔታ ለአባት ዝም ቢሉም ለተማሪው ዝም አላሉም። የዛሬዋ ልጅ ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ከመምህሯ ጋራ ውላ፣ የቀረውን ቀን በቤቷ ትለማመዳለች። ሥራው ለሁለት ከተከፈለ ቃሉም ለሁለት ሊካፈል ይገባል፤ ያለዚያ ልጅ ስሕተቷን በትጋት ታጠናለች።

ስለዚህ ብቻዬን ወደ መምህሩ ሄድሁ። «ለምን ዝም አሉ?» ብዬ አልጀመርሁም፤ ከሳሽ ያየ ሰው መልስ ሳይሆን ጋሻ ይፈልጋልና። «ልጄ ምን ይጐድላታል? እኔስ በቤት ምን ላድርግ? ትምህርት ሲቀርስ በስልክ አጭር ቃል ቢልኩልኝ?» አልኋቸው። እርሳቸውም «ድካሟን ለአባቷ ብናገር ትመታለች ብዬ ፈራሁ፤ እርስዎም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም» አሉኝ።

ይህ ሁለተኛው ቃል ልቤን ወጋው። ገንዘብ በመክፈል የአባትነት ዕዳዬን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር። የእኔ ጥፋት ግን የእርሳቸውን አይሽርም፤ ርኅራኄ ስሕተትን ከአባት ቢሰውር እንኳ ከተማሪዋ ሊሰውር አይገባም፤ ሕፃንን በተዘጋ በር ፊት ማቆምም ርኅራኄ አይባልም። ይህንንም በትሕትና ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም አመኑ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ እንነጋገራለን።

ባያምኑስ ኖሮ? በማቴዎስ ወንጌል 18ኛው ምዕራፍ የተሠራው የተግሣጽ ሥርዓት ለዚህም ይበቃል፦ አስቀድሞ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከምስክር ጋራ፣ ከዚያም በበላይ ፊት። ይህም ሁሉ ካልረዳ፣ ስለ ተማረችው አመስግኖ፣ ስም ሳያጠፉ፣ ልጅን ወደ ሌላ መምህር መውሰድ ነው።

በበገና ላይ ዐሥር አውታር አለ፤ ሁሉ ግን አይመታም፤ ጣት ማሳረፊያ ሆኖ ዝም የሚል አለ፤ የእርሱ ዝምታ ዜማውን ይደግፋል። ላልቶ ዝም ያለ አውታር ግን ዜማውን ያጐድላል። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ለይቶ ለማወቅ ቀርቦ መንካት ያስፈልጋል። እኔ አራት ወር ከሩቅ አየሁ፤ ዋጋውን ግን የከፈለችው ልጄ ናት።