ዋሽንቱ ለማን ይሰጥ?

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል ባሉት ሰፈሮች፣ ጎህ ሲቀድ ሮጦ ጠዋት ክፍል የሚገባ ተማሪ ሁለት ዓይነት ድካም ይደክማል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲደርስ ግን የሚቆጠርለት አንዱ ብቻ ነው፤ በትምህርት ቤቶች ውድድር ያገኘው ሜዳሊያ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አይሆነውም። ሩጫው የሚከፍትለት የመከላከያን፣ የኦሜድላን ወይም የንግድ ባንክን ክለብ በር ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ቅበላው በተከሰሰበት ችሎት የቀረበው መረጃ እንዳሳየው፣ አሰልጣኞች ከመለመሏቸው ስፖርተኞች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተቀባይነት አግኝተዋል፤ ከጠቅላላው አመልካች ግን የተሳካለት ከ10 በመቶ በታች ነበር። ታዲያ ፍትሕ ያለው ከየትኛው ጋር ነው?

መልሱ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ምን እንደሆነ ከመለየት ይጀምራል። ሽልማት ነው ወይስ አደራ? ሽልማት ለተሠራ ሥራ ይከፈላል፤ አደራ ግን ሊወጣው ለሚችል ይሰጣል። አርስቶትል ‹‹ፖለቲካ›› በተሰኘው ሥራው እንዳስረዳው፣ መልካም ዋሽንት የሚገባው በዘሩ ለከበረ ወይም በመልኩ ለደመቀ ሳይሆን አሳምሮ ለሚነፋው ነው፤ ዋሽንት የተሠራው ሊነፋ ነውና። ወንበሩም የተዘጋጀው ሊማሩበት ነው። በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደጁ እንዲህ በጠበበበት አገር ያልተዘጋጀን ልጅ በሜዳሊያ ማስገባት የሌላውን ተስፋ መንጠቅ ነው፤ ልጁንም ቢሆን ከማያልፈው ፈተና ፊት ማቆም ነው።

‹‹ሩጫ ተሰጥኦ ከሆነ የሒሳብ ችሎታም ተሰጥኦ ነው፤ አንዱን አክብሮ ሌላውን መናቅ ምን ይሉታል?›› የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፈጣን እግርንም ሆነ ብሩህ አእምሮን በራሱ ላብ ገዝቶ የተወለደ የለም። በወንጌሉ ምሳሌ ጌታቸው ባሪያዎቹን የተቆጣጠራቸው በተቀበሉት መክሊት ብዛት ሳይሆን በሠሩበት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ወንበሩን ለሯጩ አያስገኝለትም፤ ይልቁንም ማንም ወንበሩን እንደ ደመወዝ ሊጠይቅ እንደማይችል ያሳያል። ሁሉም መክሊት ስጦታ ከሆነ የሚቀረው መለኪያ፣ ወንበሩ የተዘጋጀለትን ሥራ ማን ይፈጽመዋል የሚለው ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ስለ ጽናት የሚነሳው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ ነበር፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ማጠፉ ደብተር ከመያዝ የመጣ ልማድ መሆኑ ይነገራል። በየማለዳው ሰውነቱን ያስገዛ ልጅ መጽሐፍ ላይም አይሰንፍም ማለት ምክንያት አለው። ስለዚህ የመግቢያውን ነጥብ ካሟሉት መካከል መምረጥ ሲያስፈልግ ጽናቱ ቢመዘንለት ፍትሕ አይጓደልም። ነጥቡን ግን ሊተካ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተጋለጠው ቅሌት ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ባለጸጋ ወላጆች ለአሰልጣኞች ጉቦ እየከፈሉ፣ ስፖርቱን ተጫውተው የማያውቁ ልጆቻቸውን ስፖርተኛ አስብለው ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። ለስፖርተኞች የተከፈተው በር ለገንዘብ ክፍት ሆኖ ተገኘ።

ሰንደቃችንን ላስከበሩ ልጆች አገር ዕዳ የለባትም ማለቴ አይደለም፤ አለባት። ዕዳ ግን በተገቢው መንገድ ይከፈላል። ለታዳጊው ሯጭ የማጥኛ ጊዜና የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት፣ ነጥብ አምጥቶ ለውድድር የሄደ እንደሆነም ወንበሩን እስኪመለስ ማቆየት ይቻላል። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ አንዲት ጉዳት ሁሉን ትጨርሰዋለች፤ ትምህርት ግን አብሮት ይኖራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ሌሎችም ሲከተሉት ማንን በምን እንመዝን የሚለው ጥያቄ በየደጃቸው ይቆማል። ያን ጊዜ የሚወስኑ ሁሉ ይህን ያስቡ፤ ልጁን የሚያከብረው ፈተናውን የሚያስቀርለት ሳይሆን ለፈተናው የሚያበቃው ነው።