የምሰሶው ምስጢር የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2016 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በታንዛንያ ቡኮባ አካባቢ መሬት ተናወጠች። መጠኑ 5.9 የነበረው ይህ መንቀጥቀጥ እኛ ዘንድ ካምፓላ ድረስ ተሰምቷል። በዚያች ሰዓት በብዙዎቻችን ኪስ ንዝረትን የሚለካ መሣሪያ ነበር፤ እኛ ግን አላወቅነውም። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ይህ መለኪያ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ከሲሊከን የተቀረጸች ኢምንት ክብደት በቀጫጭን ዘንጎች ተንጠልጥላበታለች፤ ስልኩ ሲነቃነቅ እርሷ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከአጠገቧ ካሉት ሰሌዳዎች ያላት ርቀት ሲለወጥ ለውጡ በኤሌክትሪክ ይነበባል።

የዚህ ዓይነቱ መለኪያ በድልድይና በፎቅ ምሰሶ ላይም ይተከላል። ሕንፃ ሁሉ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው፤ አካሉ ሲዳከም ምቱ ይዘገያል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው መለኪያውን የገዛው ባለቤት ነው። ታዲያ ዕውቀቱም የግል ንብረቱ ነውን? አይደለም እላለሁ። መሣሪያው ገንዘቡ ነው፤ በአራተኛው ፎቅ የሚተኛው የተከራይ ልጅ ሕይወት ግን ገንዘቡ አይደለም። (እኔም አስተርጓሚ ነኝና የሰው ምስጢር መጠበቅ ምን እንደሆነ አላጣሁትም።)

የሚከብደው ወዲህ ነው። የጭነት መኪና ማለፍም ሆነ የፀሐይ ሙቀት ቁጥሩን ያዛባዋል። ባለቤቱ «እርግጠኛ ስሆን እናገራለሁ» ቢል ሐሰተኛ አይባልም። ነገር ግን ጥርጣሬውን ከኪራዩ ገቢ ጋር ብቻውን የሚመዝን ሰው እርግጠኛ የሚሆነው መቼ ነው? ስለዚህ ጥርጣሬውም ቢሆን፣ ከነጉድለቱ፣ ለተከራዩ ይነገረው። ምናልባት መሄጃ የለውም፤ ምናልባትም እዚያው ያድራል። ቢሆንም አውቆ ይደር።